ለሙያተኛው ልጅ የባትሪ መጋዝ ስንገዛ

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ደውሎ "ምን ይዤ ልምጣ?" ሲል ድሮ መልሱ የታወቀ ነበር። ጫማ፣ ሽቶ፣ ለእናት የደም ግፊት መለኪያ። አሁን አሁን ግን ከሳሎኑ ጥግ ሌላ ድምፅ ይሰማል። ቧንቧ የሚሠራው፣ ኮንዶሚኒየም እየገባ ፊኒሺንግ የሚሠራው፣ የድሮ ቤት አፍርሶ ቆርቆሮና እንጨት የሚለየው ልጅ "በባትሪ የሚሠራ መጋዝ" ይላል። የሚመጣ ዘመድ ባይኖር እንኳ የእቁቡ ዕጣ ሲወጣ ያው መጋዝ ይነሣል። ገንዘቡ የቤተሰብ ስለሆነ ስለ ዕቃው ማወቅ ያለበት ልጁ ብቻ አይደለም።

በእኛ ቤት ጥያቄውን ያመጣው የእህቴ ልጅ ነው። የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ እስከ ዛሬ የሚቆርጠው በሴጌቶና በተዋሰው ግራይንደር ነው። እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ እንጂ የመሣሪያ ነጋዴ አይደለሁም። ነገር ግን በድንገተኛ ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት በመሣሪያ የተጎዱ ብዙ እጆች አጥቤ ጠቅልያለሁና፣ ልጁ መጋዝ ሲመርጥ አብሬው መርካቶ ወርጃለሁ፤ የየመሣሪያውን መመሪያ ደብተርም ተቀምጬ አንብቤያለሁ። ደብተሩን ሻጩም ገዢውም አያነቡትም። ለእጅ የሚበጀው ቁጥር ግን የተጻፈው እዚያ ውስጥ ነው።

መጋዙ በእንግሊዝኛው ሪሲፕሮኬቲንግ ሶው ይባላል። እዚህ ተመላላሽ መጋዝ ልበለው። ረዘም ያለ፣ ከፊቱ አንድ ምላጭ የወጣለት መሣሪያ ሲሆን ምላጩ እንደ እጅ መጋዝ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመላለሳል፤ ልዩነቱ በደቂቃ እስከ 3,000 ጊዜ መመላለሱ ነው። በእጅ የሚያዝ ተመላላሽ መጋዝን መጀመሪያ ገበያ ላይ ያዋለው ሚልዋኪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1951 ነበር። ሳውዞል ብሎ ሰይሞት ስለነበር እስከ ዛሬ አሜሪካ ያሉ ሠራተኞች የማንንም ኩባንያ መጋዝ በዚያ ስም ይጠሩታል። ከቨርጂኒያ ወንድሜ ሲደውል ያለውም ይህንኑ ስም ነበር፤ ልጁ ሌላ ዕቃ መስሎት ተደናገረ።

መጋዙ ለማን ይጠቅማል የሚለው ይቅደም። ግድግዳ ጥግ ተለጥፎ ያለፈ ቧንቧ የሚቆርጥ፣ ኮርኒስ ውስጥ እጁን አስገብቶ የሚሠራ፣ ምስማር ያለበት የድሮ እንጨት የሚያፈርስ፣ ዛፍ የሚቀንስ ሰው ከዚህ የተሻለ አያገኝም። የግራይንደር ዲስክ የማይገባበት ቦታ ምላጩ ይገባል፤ እንደ ግራይንደርም የእሳት ፍንጣሪ አይረጭም። ቀጥ ያለ ንጹሕ ቁርጥ የሚፈልግ አናጢ ግን ሌላ መጋዝ ያስፈልገዋል። ቀኑን ሙሉ ወርክሾፕ ውስጥ አርኤችኤስና አንግል የሚቆርጥ ብረት ሠሪም ገንዘቡን በቆመ መቁረጫ ላይ ቢያውለው ይሻለዋል። ተመላላሽ መጋዝ ሻካራ ሥራ የሚሠራ ዕቃ ነው፤ ቁርጡ ይንጋደዳል።

ገመድ አልባ መሆኑ ለእኛ አገር ሥራ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ቆጣሪ ያልገባለት ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ ማከፋፈያ የት ይሰካል? መሰላል ላይ የቆመ ሰው እግሩ ሥር ገመድ ሲንጠለጠል፣ ወለሉ ላይ ደግሞ ውሃ ፈሶ አይተን እናውቃለን። በሌላ በኩል መብራት ሲጠፋ የባትሪውም መጋዝ ባትሪው እስኪያልቅ ብቻ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ሥራው መተዳደሪያ ከሆነ አንድ ባትሪ አይበቃም፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ይሞላል። በጀቱ ሲያዝ መጋዝ፣ ሁለት ባትሪ፣ ቻርጀርና ምላጭ ተደምሮ ይታሰብ። መጋዙን ብቻ አስቦ የወጣ ሰው ከግማሽ መንገድ ይመለሳል።

ገንዘብ የሚባክነው በብዛት በባትሪው ላይ ነውና እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

መጀመሪያ የሚታየው ልጁ ቀድሞ ምን አለው የሚለው ነው። የባትሪ ትራፓኖ ካለው የዚያው ኩባንያ ባትሪ መጋዙንም ያሠራለታል። አብዛኛው ኩባንያ የራሱ የባትሪ ቤተሰብ አለውና ብዙውን ጊዜ የአንዱ በሌላው ላይ አይገባም። እንዲያውም በአንድ ኩባንያ ውስጥ ሁለት ቤተሰብ ሊኖር ይችላል። የቦሽ ሰማያዊው ለባለሙያ፣ አረንጓዴው ለቤት ውስጥ ሥራ የተሠራ ነው፤ ሁለቱም 18 ቮልት ተብሎ ተጽፎባቸው ባትሪያቸው አይለዋወጥም። የእህቴ ልጅ የማኪታ ትራፓኖ ስለነበረው ግማሹ ምርጫ እዚያው አለቀለት።

ሁለተኛው 18 እና 20 የሚባለው ነው። አሜሪካ የሚሸጠው ዲዋልት "20 ቮልት ማክስ" ይላል፤ አውሮፓ የሚሸጠው የዚያው ኩባንያ ዕቃ 18 ይላል። ልዩነት የላቸውም። ሁለቱም ውስጥ አምስት ሴል በተከታታይ ተያይዟል። አንዱ ሴል ሲሞላ 4 ቮልት ገደማ ስለሆነ 20 ይባላል፤ በሥራ ላይ ያለው አማካይ 3.6 ስለሆነ ደግሞ 18 ይባላል። 20ው ከ18ቱ ይበልጣል ብሎ ተጨማሪ ብር የሚጠይቅ ሻጭ ካጋጠመ ወይ አያውቅም ወይ ያውቃል።

ከዚህ የባሰው "48 ቮልት"፣ "88 ቮልት"፣ አንዳንዴም ከመቶ በላይ የተጻፈባቸው ርካሽ ዕቃዎች ናቸው። ብዙዎቹ ሲከፈቱ ያው አምስት ሴል ናቸው። አንድ ወጣት ሻጭ እንዲህ ያለውን ባትሪ አንሥቶ፣

"ማዘር፣ ይሄ 88 ነው፣ ከማኪታው አምስት እጥፍ" አለኝ።

"ልጄ፣ ሚዛን አለህ?" አልኩት።

ጎረቤቱ ካለው ባለ ቅመም ተውሰን መዘንነው። ባትሪው 6 አምፔር ሰዓት ይላል፤ ክብደቱ ግን 400 ግራም አልሞላም። በስፋት በሚሠራበት የሴል ዓይነት ትክክለኛ ባለ 5 አምፔር ሰዓት ባትሪ ውስጡ አሥር ሴል አለውና ከ600 ግራም በላይ ይመዝናል። አምስት ሴል ብቻ ያለው ትንሹ ባትሪ ነው ከ350 እስከ 400 ግራም ውስጥ የሚሆነው። ሻጩ ሳቀና "እናቴ፣ አንቺ የጉምሩክ ሰው ነሽ እንዴ?" አለኝ። ሚዛን አይዋሽም ብዬ አላበቃም፤ ባትሪ ከባድ ሆኖም አሮጌ ሴል የታጨቀበት ሊሆን ይችላል። ቀላል የሆነ ግን በእርግጥ ጎዶሎ ነው።

አምፔር ሰዓቱ የሚነግረው ምን ያህል ጊዜ እንደሚሠራ ብቻ አይደለም። ተመላላሽ መጋዝ ከትራፓኖ ይልቅ ብዙ ኃይል በአንድ ጊዜ ይስባል። ባለ አምስት ሴሉ ባትሪ ያን ሁሉ ብቻውን ሲሸከም ይግላል፤ ሲግል መሣሪያው ራሱን ለመጠበቅ ይጠፋል። ባለ አሥሩ ጭነቱን ለሁለት ረድፍ ያካፍላል። ስለዚህ ለመጋዝ 4 ወይም 5 አምፔር ሰዓት ይመረጣል፤ ባለ 2ቱ ለትራፓኖው ይቆይ። ከዚያ በላይ 8 እና 12 የሚሉም አሉ። ጉልበታቸው ጥሩ ነው፤ ክብደታቸው ግን ክንድ ላይ ይወድቃል።

አሁን ወደ ዘመዱ ሻንጣ እንመለስ። በየቤቱ ሊታወቅ የሚገባው ትልቁ ወጥመድ ቻርጀሩ ነው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220 ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከዳላስ የመጣ ቻርጀር ጀርባው ላይ 120 ብቻ ተጽፎበት ከሆነ የሶኬቱን ጫፍ ቀይሮ እዚህ መሰካት ማለት ማቃጠል ማለት ነው። በስልክ ቻርጀር ላይ የለመድነው "100–240" የሚለው ጽሑፍ በብዙ የመሣሪያ ቻርጀሮች ላይ የለም። የሚበጀው ዘመድ መጋዙን ያለ ባትሪና ያለ ቻርጀር እንዲያመጣ ነው። አሜሪካ እንዲህ ባዶውን ይሸጣሉ፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ቻርጀሩ ከዚህ ወይም ከዱባይና ከአውሮፓ ከሚመጣ ሰው ይገኛል፤ የዚያ አገር መብራት ከእኛ ጋር ይስማማል። የግድ የአሜሪካው ከመጣ ኃይሉን የሚችል ትራንስፎርመር ይፈልጋል፤ ያ ደግሞ ከባድ፣ ወጪውም የማይናቅ ነው። የ220ው ቻርጀርም ቢሆን መብራት ሄዶ ሲመጣ ከሚፈጠረው መዋዠቅ በስታቢላይዘር ቢጠበቅ ጥሩ ነው።

ባትሪውን ዘመድ ይዞ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ የአውሮፕላን ሕግ አለ። ለብቻው ያለ የሊቲየም ባትሪ ወደ ዕቃ ጭነት በሚገባው ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ በእጅ ይያዛል፣ የብረት ጫፎቹም ይሸፈናሉ። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል። ከ100 እስከ 160 ያለው አየር መንገዱን ማስፈቀድ ያሻዋል፤ ከሁለት ትርፍ ባትሪም በላይ አይፈቀድም። ከ160 በላይ የሆነው መንገደኛ የሚይዘው አይደለም። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ ማባዛት ነው። 18 በ5 ሲባዛ 90 ስለሚሆን ያልፋል። 18 በ6 ሲባዛ 108 ነው፤ ፈቃድ ይጠይቃል። 18 በ12 ሲባዛ 216 ይሆናል፤ አየር ማረፊያ ይቀራል። መጋዙና ምላጮቹ ግን ተቃራኒ ናቸው፤ በእጅ ሻንጣ ስለማይፈቀዱ ባትሪው ተነቅሎ ወደ ጭነቱ ይገባሉ።

ከባትሪው ቀጥሎ ካርቶኑ ላይ ያሉት ቁጥሮች አሉ። እነዚህን በአጭሩ ልለፋቸው። አንደኛው የምልልሱ ርዝመት ሲሆን ምላጩ በአንድ ጊዜ ምን ያህል እንደሚሄድ ይናገራል። ሙሉ መጠን ባላቸው የባለሙያ መጋዞች ከ28 እስከ 32 ሚሊ ሜትር ነው። በአንድ እጅ በሚያዙት ትንንሾች ብዙውን ጊዜ ያንሳል። ረዥሙ በፍጥነት ይቆርጣል። ሁለተኛው በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው፤ 2,500 ወይም 3,000 መሆኑ ያን ያህል ለውጥ የለውም። የሚያስፈልገው ቃታው ሲጫን ፍጥነቱ ቀስ እያለ መጨመሩ ነው። ብረት በዝግታ፣ እንጨት በፍጥነት ይቆረጣልና፣ ቃታው ወይ ጠፍቶ ወይ በሙሉ ፍጥነት ብቻ የሚሠራ ከሆነ ለቧንቧ ሠራተኛ አይሆንም። ሞተሩ ካርቦን የሌለው፣ ብራሽለስ የሚሉት ቢሆን ይመረጣል፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ባትሪ ይቆጥባል፣ የሚያልቅ ካርቦንም የለውም። ምላጩ ቃታው ሲለቀቅ ወዲያው የሚቆም መሆኑንም ይመልከቱ።

ሙሉ መጠኑ ወይስ ትንሹ የሚለው ላይ ከልጁ ጋር ተከራክረናል። እሱ ትልቁን ፈልጎ ነበር፤ ጓደኞቹ የያዙት እሱን ነው። ትልቁ ከባትሪው ጋር 4 ኪሎ አካባቢ ነው። የቧንቧ ሥራ ግን አብዛኛው ከትከሻ በላይና ከመታጠቢያ ሥር ነው። 4 ኪሎ ከራስ በላይ አንሥቶ አንድ ደቂቃ መቆም ምን እንደሚመስል የዱቄት ከረጢት በመያዝ ይሞከር። ትንሹ ከ2 እስከ 2.5 ኪሎ ነው፤ አጭር ስለሆነም ጠባብ ቦታ ይገባል። ቤት የሚያፈርስ ሰው ትልቁን ይያዝ። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ቧንቧና ኤሌክትሪክ የሚማሩ ሴት ልጆችም እየበዙ ነውና፣ የመያዣው ውፍረት ለእጅ መዳፍ የሚስማማ መሆኑ በእነሱ ላይ ይበልጥ ይታሰብ። ጣት ዞሮ የማይጨብጠው መያዣ ጠንክሮ ይጨበጣል፤ በጣም የተጨበጠ መሣሪያ ደግሞ ንዝረቱን ይበልጥ ወደ እጅ ያስገባል።

ንዝረቱ ነው እኔን በጣም ያሳሰበኝ። እ.ኤ.አ. በ1918 አሊስ ሃሚልተን የተባለች አሜሪካዊት ሐኪም ኢንዲያና ግዛት ቤድፎርድ ወደሚባል ቦታ ሄዳ በአየር ግፊት መዶሻ የኖራ ድንጋይ የሚጠርቡ ሠራተኞችን መረመረች። ጠዋት ብርድ ሲሆን ጣቶቻቸው ነጭ ሆነው ደንዝዘው አገኘቻቸው። ሕመሙ ዛሬ የእጅና የክንድ ንዝረት ሕመም ይባላል። ለዓመታት የሚነዝር መሣሪያ የያዘ እጅ ውስጥ ትንንሾቹ የደም ሥሮችና ነርቮች ይጎዳሉ። መጀመሪያ ከሥራ በኋላ መቆርጠም ይመጣል። ቀጥሎ ሌሊት መደንዘዝ፣ ከዚያ በብርድ ጣት ከጫፉ ጀምሮ ደም አልባ መሆን። በኋላ ሰውየው ቁልፍ መቆለፍ፣ ሳንቲም ከኪሱ መለየት ያቅተዋል። ሕመሙ ሥር ከሰደደ ነርቩ ወደ ነበረበት አይመለስም። በእኛ ቆዳ ላይ "ነጭ ጣት" የሚባለው ከውጭ በቀላሉ አይታይም፤ ጥፍሩን ሥሩንና የመዳፉን በኩል ማየት ያስፈልጋል። በክረምት ጠዋት ልጅዎ ሻይ ሲይዝ ጣቶቹን የሚያፍተለትል ከሆነ ይጠይቁት።

መመሪያ ደብተሩ ይህንን በቁጥር ያስቀምጣል። ንዝረት በሚለው ርዕስ ሥር፣ ሜትር በሰከንድ ስኩዌር የሚባል መለኪያ አለ፤ ለእንጨት መቁረጥ አንድ፣ አንዳንዴም ለሌላ ሥራ ሌላ ቁጥር ይሰጣል። ተመላላሽ መጋዝ ከ10 በላይ መሆኑ የተለመደ ነው፤ 20 አካባቢ የሚደርሱም አሉ። የአውሮፓ ኅብረት በ2002 ባወጣው መመሪያ አንድ ሠራተኛ በስምንት ሰዓት አማካይ ከ5 በላይ እንዳይደርስበት ወስኗል፤ 2.5 ሲደርስ ደግሞ አሠሪው መከላከል መጀመር አለበት። ይህ በደቂቃ ሲሰላ እንዲህ ይሆናል። ንዝረቱ 10 የሆነ መጋዝ በቀን 30 ደቂቃ ሲሠራ ጥንቃቄ ከሚጀምርበት ይደርሳል፤ 2 ሰዓት ሲሠራ ከጣሪያው። 15 ከሆነ 13 ደቂቃ እና 53 ደቂቃ ነው። 20 ከሆነ ሰባት ደቂቃ ተኩል እና 30 ደቂቃ። ንዝረቱ እጥፍ ሲሆን ሰዓቱ ወደ ሩብ ይወርዳል ማለት ነው። ከ15 እና ከ20 መካከል በሚመስለው ትንሽ ልዩነት ምክንያት ሁለት መጋዝ በዋጋ ተቀራርበው ለእጅ ግን እጅግ ይራራቃሉ።

የሚቆጠረው ቃታው ተጭኖ ምላጩ የሚመላለስበት ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ቧንቧ ለመቁረጥ ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅ፣ በ13 ደቂቃ ውስጥ 26 ቧንቧ ይቆረጣል። ለእህቴ ልጅ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ጣሪያ የሚያፈርሰው ጎረቤታችን ግን በአንድ ጠዋት ያልፈዋል። እንደ እሱ ላለው ሰው ንዝረት መቀነሻ የተሠራለት መጋዝ፣ ስለታም ምላጭና ተራ የሚቀይር ጓደኛ ያስፈልጋል። ንዝረት ይከላከላል ተብሎ የሚሸጠው ጓንት ላይ ብዙ ተስፋ ባይጣል ይሻላል። የሚጠቅመው እጅን ስለሚያሞቅ ነው። ሲጋራ የደም ሥር ስለሚያጠብ ነገሩን ያባብሳል፤ ጫትም ከዚያ የራቀ አይደለም።

ከመጋዙ ፊት ያለው የብረት መደገፊያ ሁልጊዜ በሚቆረጠው ዕቃ ላይ ተጭኖ መሥራት አለበት። መደገፊያው ከዕቃው ከራቀ ምላጩ ይዘላል፣ መጋዙ እጅ ውስጥ ይወራጫል፣ ንዝረቱም ያን ጊዜ ይብሳል። መደገፊያው የሚተጣጠፍና ወደ ፊት ወደ ኋላ የሚስተካከል መሆኑ ለዚህ ይጠቅማል፤ አንዱ የምላጭ ክፍል ሲደንዝ መደገፊያውን አውጥቶ ሌላውን ክፍል መጠቀምም ይቻላል።

ምላጭ ከኩባንያ ኩባንያ ይለዋወጣል፤ ይህ ደስ የሚል ነገር ነው። መለየት ያለበት ጥርሱ ነው። በአንድ ኢንች ስንት ጥርስ እንዳለው ምላጩ ላይ ተጽፏል። እንጨት 6፣ ምስማር ያለበት እንጨት ከ6 እስከ 10፣ ፌሮና ወፍራም ብረት 14፣ የጋልቫናይዝድ ቧንቧ 18፣ ቀጭን ላሜራ 24። ሁለት ሦስት ጥርስ በአንድ ጊዜ ብረቱ ላይ ካላረፈ ጥርሱ ይነቀላል። ለብረትም ለምስማርም "ባይ ሜታል" የሚባለው ይገዛ፤ ጀርባው ይታጠፋል፣ ጥርሱ ጠንካራ ነው። ወፍራም የድሮ የብረት ፍሳሽ ቱቦ ካለ ካርባይድ ጥርስ ያለው ያስፈልጋል፤ ውድ ነው፣ ሆኖም ተራው እዚያ ላይ ወዲያው ያልቃል። ፒፒአር ቧንቧ ላይ መጋዝ ማንሣት አያስፈልግም፤ የራሱ መቀስ አለው። መጋዙ ከመመላለስ ሌላ ክብ የመወዛወዝ ማብሪያ ካለው ለእንጨት ይበራ፣ ለብረት ይጥፋ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የኮለን ፌሮ ልቁረጥልህ የሚል ሠራተኛ ደግሞ በማንኛውም መጋዝ አይገባ፤ ያ የጎረቤትም ቤት ነው።

ስለ አቧራው አንድ ነገር ብቻ ልበል። በድሮ የውሃ መስመሮችና በድሮ የጣሪያ ክዳኖች ላይ አስቤስቶስ የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ሊያጋጥም ይችላል። ግራጫ፣ ሲሰበር ጭረት ጭረት የሚያሳይ ነገር ነው። ማንኛውም ዓይነት አስቤስቶስ ካንሰር ያመጣል፤ የሚመጣውም ከብዙ ዓመት በኋላ ስለሆነ ልጁ ዛሬ ምንም አይሰማውም። እንዲህ ያለውን በኤሌክትሪክ መጋዝ መቁረጥ ከሁሉም የከፋው ነው። የጨርቅ ማስክ አይከላከለውም፤ ሥራው ቢቀር ይሻላል። ግድግዳ ሲቆረጥ ደግሞ ከኋላው የመብራት ሽቦ ሊኖር ስለሚችል መጀመሪያ ብሬከሩ ይውረድ። መጋዙ ባትሪ ስለሆነ ንዝረት እንጂ ኮረንቲ አያመጣም የሚሉ ልጆች ሰምቻለሁ። ኮረንቲው የሚመጣው ከግድግዳው ነው።

መነጽርና የጆሮ መድፈኛ ከመጋዙ ጋር አብሮ ይገዛ። አንድ የማይወራ ነገር ደግሞ የቴታነስ ክትባት ነው። ለብዙ ዓመታት ክትባቱ በስፋት የተሰጠው ለሕፃናትና ለመውለድ ዕድሜ ለደረሱ ሴቶች ስለሆነ፣ ብዙ አዋቂ ወንዶች ወይ አልተከተቡም ወይ አያስታውሱም። ከዛገ ብረትና ከፍሳሽ ቱቦ ጋር የሚውል ልጅ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይጠይቅ። ጣት ቢቆረጥ ቁስሉ በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ እጁ ከፍ ይበል። የተቆረጠው ክፍል በንጹሕ ውሃ ለቅለቅ ተደርጎ፣ በእርጥብ ጋዝ ተጠቅልሎ፣ ላስቲክ ውስጥ ታስሮ፣ ላስቲኩ በረዶ ባለበት ውሃ ላይ ይቀመጥ። ጣቱ ራሱ በረዶ አይንካው፤ አልኮልም ቡናም አይደረግበት።

ሱቅ ውስጥ ገንዘብ ከመክፈል በፊት መጋዙ ባትሪው ገብቶበት ይያዝ። ከትከሻ በላይ ይነሣ። ባትሪው ተነቅሎ ምላጭ በጓንት ይገባ፣ ይውጣ፤ ከሥራ በኋላ ምላጭ እሳት ስለሚሆን ሳይነኩ የሚያወጣ ማንሻ ቢኖረው ይመረጣል። ምላጩን በጣት ይዞ ወደ ጎን ሲወዘወዝ ብዙ የሚላላ ከሆነ ይመለስ። ከዚያ ባትሪው ይመለስና ቃታው ቀስ ተብሎ ይጫን፤ በዝግታ መጀመር አለበት። ደብተሩ ይከፈትና የንዝረቱ ቁጥር ይታይ፤ ደብተር የሌለው ወይም ቁጥሩ ያልተጻፈበት ከሆነ ዕቃው ከየት እንደመጣ መጠየቅ ነው። የመለዋወጫ ባትሪ በሌላ ሱቅ መኖሩም እዚያው ይጣራ፤ ከአንድ ሱቅ ብቻ የሚገኝ ባትሪ ያ ሱቅ የተዘጋ ቀን ያልቃል። የእህቴ ልጅ በመጨረሻ ትንሹን፣ ካርቦን የሌለውን ወሰደ፤ ሁለተኛውን ባትሪ ከሚቀጥለው እቁብ ለመግዛት ቀጠረ። ደረሰኙ ላይ የመጋዙና የባትሪው መለያ ቁጥር ለየብቻ እንዲጻፍ ብንጠይቅ ሻጩ ትንሽ አጉረመረመ፣ ግን ጻፈው።